የተማሪው መዝገብ ተጠያቂው ማን ነው? ለጎጃም ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የዳታ አስተዳደር መመሪያ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ ለአራት ክፍሎች በተመሳሳይ ቀን ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ብዙ ነገር ያሳያል። ሬጅስትራሩ ለሴሚስተሩ የተመዘገቡትን ይቆጥራል፤ የተማሪዎች ምግብ ቤት የምግብ ካርድ የወሰዱትን፣ የመኝታ አገልግሎቱ አልጋ የያዙትን፣ ፋይናንሱ ደግሞ የወጪ መጋራት ውል የፈረሙትን ወይም ክፍያ የፈጸሙትን ይቆጥራሉ። አራቱ ቁጥሮች እኩል ሆነው የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ያም ሆኖ ከአራቱ የዋሸ የለም። እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ ሥራ የሚበጀውን ቆጥሯል። የጎደለው ነገር ተማሪ የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ቆጠራው በየትኛው ቀን እንደሚዘጋና ለቁጥሩ የሚጠየቀው የትኛው ኃላፊ እንደሆነ ተቋሙ በጽሑፍ ያስቀመጠው ውሳኔ ነው። የዳታ አስተዳደር ማለት እንዲህ ያሉ ውሳኔዎችን አስቀድሞ መወሰንና በየዕለቱ ሥራ ላይ ማዋል ነው።

ከዚህ አንጻር ሥራው በዋናነት የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ሶፍትዌር በመግዛት የሚጀምር ተቋም የተዘበራረቀውን መዝገብ ወደ አዲስ ማሽን ያሻግረዋል እንጂ አያቃናውም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች፣ በፖሊ ቴክኒኮችና በየከተማው ባሉ የግል ኮሌጆች ለሚሠሩ የሬጅስትራር ኃላፊዎች፣ ዲኖች፣ የዕቅድና የአይሲቲ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊጀመር የሚችለውን ያስቀድማል።

ያለውን መመዝገብ

ሥራው የሚጀምረው ከቢሮ ቢሮ በመዞር ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከሬጅስትራር፣ ሌላው ከዕቅድ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል፣ አንድ ሰንጠረዥ ይዘው በየክፍሉ ይገባሉ። ለሚያገኙት እያንዳንዱ መዝገብ ምን እንደያዘ፣ በወረቀት ይሁን በኮምፒውተር፣ ማን እንደሚጽፍበት፣ ማን እንደሚያነበው፣ መረጃው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚላክ ይሞላሉ። በጥያቄዎቹ መካከል ቸል ሊባል የማይገባው ክፍሉ መረጃውን ራሱ የሚያመነጭ ወይስ ከሌላ የሚቀዳ መሆኑ ነው። ዶርም የሚደለድለው ክፍል የተማሪውን ስም ከሬጅስትራር ቀድቶ ከዚያ በኋላ ለብቻው የሚያርመው ከሆነ፣ የመለያየቱ ምንጭ እዚያው ተገኘ ማለት ነው።

ጉብኝቱ የሚያወጣቸው ነገሮች በአብዛኛው የሚጠበቁ ናቸው። የአንድ ትምህርት ክፍል የአምስት ዓመት ውጤት በኃላፊው የግል ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይገኛል፤ የመምህራን የትምህርት ማስረጃ በአንድ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «የመጨረሻ የታረመ 2» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ጎን ለጎን ተኝተው የትኛው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር እንደተላከ የሚያውቀው ሰው ወደ ሌላ ካምፓስ ተዛውሯል። በዚህ ደረጃ ማንንም መውቀስ አይገባም። ሠራተኛው ከተወቀሰ መዝገቡን ይደብቃል፣ ቆጠራውም ጎዶሎ ይሆናል።

በርካታ ካምፓስ ላለው ተቋም፣ ለምሳሌ ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብና ዘንዘልማ እየተባለ ለሚዘረዘረው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ቡሬ ላይ ሌላ ካምፓስ ላለው ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉብኝቱ በየካምፓሱ መደረግ አለበት። ዋናው ግቢ ያለው መዝገብ የሌሎቹ ማጠቃለያ ነው ብሎ መገመት አደገኛ ነው። የተቋሙ ታሪክም ይቆጠራል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የቆመው ከቀድሞው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና ከመምህራን ኮሌጁ ውሕደት ሲሆን፣ ሁለት ተቋማት በተዋሐዱበት ቦታ ሁሉ ሁለት የመዝገብ አያያዝ ልማድ አብሮ ይመጣል። በ1960ዎቹ የተመረቀ ሰው ዛሬ ትራንስክሪፕት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የቆዩ መዛግብት ከቆጠራው ውጭ መተው የለባቸውም።

ባለቤት፣ ባለአደራና ጠባቂ

ቆጠራው ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት ሦስት ኃላፊነቶች በደብዳቤ ይሰጣሉ። ባለቤቱ የሚወስነው ነው፦ መረጃው ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለማን እንደሚሰጥ። የተማሪ መዝገብ ባለቤት የሬጅስትራር ዳይሬክተሩ፣ የሠራተኛው መዝገብ ባለቤት የሰው ሀብት ኃላፊው፣ የክሊኒክ ካርድ ባለቤት የክሊኒኩ ኃላፊ ነው። ባለአደራው በየኮሌጁና በየትምህርት ክፍሉ ተቀምጦ መረጃው በትክክልና በጊዜው መግባቱን የሚከታተል ሠራተኛ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ አለ፤ የሌለው የሥራ መደብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈ ኃላፊነት ነው። ጠባቂው ደግሞ ሰርቨሩን፣ ምትክ ቅጂውንና የይለፍ ቃሉን የሚይዘው የአይሲቲ ክፍል ነው። በእቁብ ዳኛውና ጸሐፊው የተለያዩ እንደሆኑ ሁሉ፣ እዚህም መዝገቡን የሚይዘውና በመዝገቡ ላይ የሚወስነው ሊለያዩ ይገባል።

በተግባር የሚታየው ግን ሁሉም ነገር ለአይሲቲ ክፍል መተዉ ነው። አንድ ዲን የተመራቂዎችን ዝርዝር ሲፈልግ ወደ ሬጅስትራር ሳይሆን ሰርቨሩን ወደሚያውቀው ልጅ ይደውላል፤ ልጁም ደግነት መስሎት ይልካል። በዚህ አሠራር የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን ሳይታወቅ ከባለቤቱ ወጥቶ ቁልፉን በያዘው እጅ ይገባል፣ ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ተጠያቂ የሚሆነው ወጣቱ ባለሙያ ነው። ስለዚህ የአይሲቲ ሠራተኞች ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ መረጃ እንዳይሰጡ የሚከለክለው ደንብ ራሳቸውን የሚጠብቅ ከለላ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

ሹመቱ ለሰው ሳይሆን ለወንበር መሰጠት አለበት። ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ወደ ማስተማር ይመለሳሉ፣ ለትምህርትም ይሄዳሉ፤ ርክክቡ ቁልፍና ማኅተም ብቻ ከሆነ የኮምፒውተር መዝገቡ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። በርክክብ ሰነዱ ላይ የፋይሎች ዝርዝርና የይለፍ ቃል መቀየሩን የሚያረጋግጥ መስመር መጨመር ቀላል ነው፤ በክሊራንስ ቅጹም ላይ የመረጃ ባለቤቱ ፊርማ ሊኖር ይገባል።

ከእነዚህ በላይ አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ያስፈልጋል። በአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሰብሳቢነት ሬጅስትራሩ፣ ሰው ሀብት፣ ፋይናንስ፣ ዕቅድ፣ አይሲቲ፣ የሕግ አገልግሎትና የውስጥ ኦዲት ይወከሉበታል፤ የተማሪዎች ኅብረት ተወካይ ቢጨመር የማይታየው ነገር ይታያል። ኮሚቴው በየሳምንቱ መሰብሰብ አያስፈልገውም፤ ሴሚስተሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቢገናኝ፣ ክፍሎች ሲጋጩም ቢዳኝ በቂ ነው። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የአካዳሚክ ጉዳዮች መሪ አካል ሴኔቱ ስለሆነ፣ ኮሚቴው የሚያረቀው ፖሊሲ በሴኔት መጽደቅ አለበት። በፕሬዚዳንት ማስታወሻ ብቻ የቆመ አሠራር ፕሬዚዳንቱ ሲቀየር ይፈርሳል።

ቃላትን በጽሑፍ መወሰን

ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባ ሊወስናቸው የሚችሉ ትርጓሜዎች ከሃያ አይበልጡም፤ እኔ ከአምስት እንዲጀምር እመክራለሁ፦ ተማሪ፣ መምህር፣ ያቋረጠ፣ የተሰናበተና ተመራቂ። «ተማሪ» በተባለ ጊዜ መደበኛው ብቻ ነው ወይስ የማታው፣ የቅዳሜና እሑዱ፣ የርቀቱና በክረምት የሚመጣው መምህርም አብሮ ይቆጠራል? የሬሜዲያል ተማሪ ገና ፕሮግራም ያልገባ ሲሆን፣ ዳቦና አልጋ ግን እኩል ይጠይቃል፤ ለበጀት ሲሆን መቆጠር፣ ለምረቃ ትንበያ ሲሆን አለመቆጠር አለበት። የሚሻለው ሁሉን በአንድ ቁጥር ማጨቅ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻ መቁጠርና በየሪፖርቱ የትኞቹ እንደተደመሩ መግለጽ ነው። ቆጠራው የሚዘጋበት ቀንም አብሮ ይወሰናል። የኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ጊዜ ካበቃ በኋላ ያለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ተስማሚ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ በሚቀጥለው ቆጠራ ይታያል እንጂ የተላከው ቁጥር አይነካም።

«መምህር» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ያከራክራል። ለሦስተኛ ዲግሪ የሄደ መምህር በደመወዝ መዝገብ ላይ አለ፣ በክፍል ውስጥ ግን የለም። ሰው ሀብት ሲቆጥረው፣ ትምህርት ክፍሉ ሳይቆጥረው፣ ለአንድ መምህር ስንት ተማሪ የሚለው ስሌት ሁለት የተለያየ መልስ ያወጣል፤ ለሚኒስቴሩ አንዱ፣ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሌላው ከሄደ ተቋሙ መረጃ አጭበርብሯል መባሉ አይቀርም። በሥራ ላይ ያለና በትምህርት ላይ ያለ ተብሎ በሁለት ዓምድ መክፈል ችግሩን ይፈታዋል።

ስም፣ ቀንና ቁጥር

በአገራችን መዛግብት ከሌላው ሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው፣ ከውጭ የተቀዱ መመሪያዎችም የማይነኩት፣ ይህ ክፍል ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

በመጀመሪያ ስም። የእኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ የሌለው፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትሎ የሚጻፍበት ስለሆነ፣ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ያሉት ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የአባትን ስም አንዴ መሐል፣ አንዴ መጨረሻ ያስቀምጠዋል። ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይኑሩ፤ ሦስቱም በአማርኛና በላቲን ፊደል ለየብቻ ይሞሉ። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ሁለተኛው ጣጣ ናቸው፦ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። «ፀሐይ» ተብሎ የገባን ስም «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ «የለም» ይለዋል፣ ሠራተኛውም እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፣ አንዲት ተማሪ ሁለት ሆነች ማለት ነው። መፍትሔው ሁሉን ሰው አንድ ፊደል እንዲጽፍ ማስገደድ አይደለም፤ የሰው ስም የሚጻፈው ባለስሙ እንደሚጽፈው ነው። የአይሲቲ ክፍሉ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል አንድ ድብቅ ዓምድ ይጨምራል፤ በዚያ ዓምድ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይመለሳሉ፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታተመው ግን ዋናው ስም ይሆናል። «ኃ/ማርያም» እና «ወ/ጊዮርጊስ» የመሳሰሉትን በእዝባር ማሳጠር ደግሞ በፍጹም መከልከል አለበት፤ ሙሉው ይጻፍ።

የላቲኑ አጻጻፍ የባሰ ነው። በጎጃም የተለመደውን «ይበልጣል» የሚለውን ስም አንዱ «ይ»ን በዋይና በአይ (Yi)፣ ሌላው በዋይና በኢ (Ye)፣ ሦስተኛው በአንድ ዋይ (Y) ብቻ ይጽፈዋል። ተማሪው በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ አንድ ዓይነት፣ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ሌላ ዓይነት ሆኖ አራት ዓመት ይማርና ችግሩ የሚታወቀው የመውጫ ፈተና ዝርዝር ሲላክ ወይም ዲግሪው ከታተመ በኋላ ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የምረቃ መስፈርት ስለሆነ፣ የስም ልዩነት አሁን ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ዋጋ ያስከፍላል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ስሙ ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት እንዳለ ይገለበጣል፤ መዝጋቢው «ተሳስቷል» ብሎ አያርመውም፤ ተማሪው በመጀመሪያው ሴሚስተር የታተመ ቅጂ ተሰጥቶት አይቶ ይፈርምበታል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ የስም ለውጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የታረመ ሰርተፊኬት ይጠየቃል።

ቀጥሎ ቀን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30 የሆነውን «30/2» ብሎ ለጻፈ ሰው፣ ኤክሴል ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ ቢስተካከል እንኳ በሚያውቀው የጎርጎርዮስ ፌብሩዋሪ ውስጥ 30ኛ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጳጉሜን የተወለደውም 13ኛ ወር ስለሌለ እንዲሁ። እነዚህ ቢያንስ ይታያሉ። የሚያሰጋው ሳይቃወም የሚቀበለው ነው። የካቲት 2 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደች ተማሪ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልደቷ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2006 ሲሆን፣ «2/6/1998» ተብሎ ከገባ ግን ኮምፒውተሩ ጁን 2 ቀን 1998 ብሎ ያነበውና ከሰባት ዓመት በላይ ያስረጃታል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ይግቡ፤ አራተኛው ዓምድ የአቆጣጠሩን ዓይነት ይግለጽ፤ የተለወጠው የጎርጎርዮስ ቀን በአንድ በተፈተነ ፕሮግራም ይሰላ እንጂ በእጅ አይቆጠር። ሰዓትም ይህንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ሰርቨሩ «9:00» ብሎ የመዘገበው የውጤት ለውጥ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን የማያውቅ አጣሪ ሠራተኛን በሌሊት ሥራ ሊጠረጥር ይችላል።

በመጨረሻም ቁጥር። ስም መለያ ሆኖ አያገለግልም፤ መለያው የመታወቂያ ቁጥር ነው፤ በሬጅስትራሩ፣ በምግብ ቤቱ፣ በዶርሙ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በክሊኒኩ አንድ መሆን አለበት። አንዴ የተሰጠ ቁጥር ተማሪው ቢያቋርጥም፣ ቢሰናበትም ለሌላ አይሰጥም፤ በድጋሚ ቅበላ የሚመለሰው በቀድሞ ቁጥሩ ይመለሳል። በኤክሴል ሲሞላ የቁጥር ዓምዱ አስቀድሞ እንደ ጽሑፍ ካልተስተካከለ «0412» የነበረው «412» ይሆናል። የፋይዳ ቁጥር በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ሰውን በእርግጠኝነት ለመለየት የሚረዳ ቢሆንም፣ በተማሪው መታወቂያ ላይ ማተም ወይም በየዝርዝሩ መለጠፍ አይገባም፤ በሬጅስትራሩ ዘንድ ብቻ ተይዞ ለማመሳከሪያ ያገልግል። በፋይዳ ካርድ ላይ ያለው 16 አሃዝ ያለው ቁጥር በኤክሴል እንደ ቁጥር ከገባ ደግሞ ፕሮግራሙ ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይዝ የመጨረሻውን አሃዝ ዜሮ ያደርገዋል። ዝርዝሩ ሙሉ ይመስላል፣ ቁጥሮቹ ግን የማንም አይደሉም።

ማን ምን ይመልከት

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብና ባለመረጃው ስለ ራሱ የተያዘውን አይቶ እንዲያሳርም መብት ይሰጣል። ብሔርን፣ ሃይማኖትንና ጤናን የሚመለከት መረጃ ከሌላው የጠበቀ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው።

በዚህ ዓይን የምዝገባ ቅጹን አንድ ጊዜ ማንበብ ይጠቅማል። ብሔርና ሃይማኖት የሚሉት ሣጥኖች ለምን እንደሚሞሉ ሲጠየቅ «ድሮም ነበረ» ከሚለው ሌላ መልስ የማይገኝበት ቅጽ ብዙ ነው። ለምን ዓላማ እንደሚያገለግል ማንም መናገር ካልቻለ ሣጥኑ ይውጣ፤ ለጾም ምግብ ዝግጅት ከሆነ ተማሪው የሚመገበውን ዓይነት በቀጥታ መጠየቅ ይበቃል። በተለይ በግጭት ወቅት የተማሪን ስም፣ የትውልድ ወረዳና የዶርም ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ የያዘ ዝርዝር በተሳሳተ እጅ ቢገባ በሰው ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማብራራት አያስፈልግም። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሾልክም።

መረጃዎችን በሦስት ደረጃ መክፈል ለአብዛኛው ተቋም በቂ ነው፦ ለማንም የሚገለጽ፣ እንደ የፕሮግራሞች ዝርዝርና ጠቅላላ የተማሪ ብዛት፤ ለሥራ ብቻ የሚታይ፣ እንደ ስም ዝርዝር፣ ስልክና ውጤት፤ በስም ለተጠቀሱ ሠራተኞች ብቻ የሚከፈት፣ እንደ የክሊኒክ ካርድ፣ የዲሲፕሊን መዝገብና የፋይዳ ቁጥር። ሆስፒታል ያላቸው ተቋማት፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ጊዮንን እንደሚያስተዳድር፣ የሕሙማን መዝገብ ከተማሪው መዝገብ ጋር በአንድ የይለፍ ቃል እንዳይከፈት መለየት ግዴታቸው ነው።

ውጤትን በስም ወይም በመታወቂያ ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ቻናል መለጠፍ ሊቆም ይገባዋል። በመታወቂያ ቁጥር መለጠፉ ሰውን አይሰውርም፤ በአንድ ክፍል የሚማሩ ተማሪዎች የጓደኛቸውን ቁጥር ከራሳቸው እኩል ያውቁታል። ሥርዓት ያለው ተቋም ተማሪው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ እንዲያይ ያደርጋል፤ ሥርዓት የሌለው ደግሞ ውጤቱን በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ በኩል ለየብቻ ያሳያል። ያደክማል፣ ግን ይቻላል።

ውጤት ሲቀየር

የተቋሙ ክብር በመጨረሻ የሚመዘነው በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ፊደል መታመኑ ላይ ስለሆነ፣ የውጤት ለውጥ ለብቻው ደንብ ይፈልጋል። መምህሩ ምክንያቱን በቅጽ ይጽፋል፣ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ያየዋል፣ ዲኑ ያጸድቃል፣ ሬጅስትራሩ ያስገባል። የሚያጸድቀውና የሚያስገባው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የመረጃ ቋቱም የቀድሞውን ውጤት ሳያጠፋ፣ አዲሱን፣ ያስገባውን ሠራተኛና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ይህን የማያደርግ ሶፍትዌር ዋጋው ቢረክስም አይገዛ። የውስጥ ኦዲት በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተወሰኑ ለውጦችን በዕጣ አውጥቶ ከወረቀቱ ቅጽ ጋር ያመሳክር። የተጭበረበረ የትምህርት ማስረጃ በአገር ደረጃ በሚያነጋግርበት በዚህ ጊዜ፣ ከአሠሪ መሥሪያ ቤት ለሚመጣ የማጣሪያ ደብዳቤ በአጭር ቀን መልስ መስጠት የሚችለው እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ብቻ ነው።

መብራት፣ ኔትወርክና ጸጥታ በማይታመኑበት ጊዜ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፣ መንገድም ተዘግቷል፣ ተማሪዎችም በየቤታቸው ቀርተዋል። ይህ ለዳታ አስተዳደር ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፣ ከግቢው ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሥርዓት ኔትወርክ ሲጠፋ ምዝገባን ራሱን ያስቆማል፤ ስለዚህ ዋናው መዝገብ በግቢው ውስጥ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ይሁን፣ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ካምፓስ፣ ሦስተኛው ከኔትወርክ በተነቀለ ዲስክ ላይ፣ ያለ ቁልፍ ቃል እንዳይነበብ ተመስጥሮ፣ በካዝና ይቀመጥ። ቅጂው እንደሚሠራ የሚታወቀው መልሶ በመክፈት ብቻ ስለሆነ፣ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይሞከር። የጸደቀ ውጤትም በየሴሚስተሩ ታትሞ፣ ተፈርሞና ተጠርዞ ይቀመጥ። እንደ እንጅባራ ክረምቱ በሚጠናበት ከተማ ወረቀቱ ከመሬት ከፍ ባለ የብረት መደርደሪያ ላይ ካልሆነ እርጥበት ይበላዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ሳይመዘገቡ የቀሩትን ተማሪዎች ይመለከታል። በሥርዓት ፎርም ሞልቶ ያቋረጠና በጸጥታ ምክንያት መምጣት ያልቻለ አንድ አይደሉም። ሁለቱ በአንድ ኮድ ከተመዘገቡ ሁለተኛው ሲመለስ የድጋሚ ቅበላ መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቀረ የሚል የተለየ ኮድ ይከፈት፤ ኮዱ ሲሰጥ የቀረበው ማስረጃና የወሰነው አካል ይጻፍ።

መረጃ ሲጠየቅና ሲሾልክ

ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ አንድ በር ይኑር። ጋዜጠኛው፣ ተመራማሪው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የጸጥታ አካሉና ወላጁ ሁሉም ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ለዚያ በር ያቅርቡ፤ ባለቤቱና የሕግ አገልግሎቱ አይተው ይመልሱ፤ የተሰጠው፣ ለማን እንደተሰጠና በየትኛው ሕግ እንደሆነ በመዝገብ ይያዝ። ጠቅላላ ቁጥሮች በመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 መንፈስ ሊገለጹ ይገባል፣ የግለሰብ መዝገብ ግን ሌላ ነው። በስልክ የሚመጣ «አስቸኳይ ነው፣ አለቃ ነኝ» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ እስኪመጣ ይጠብቃል። ለምርምር የሚሰጥ ዝርዝር ስም፣ ስልክና መታወቂያ ቁጥር ወጥቶለት ይሰጥ፤ ከአንድ ትንሽ ቀበሌ የመጣች ብቸኛ የምህንድስና ተማሪ ስሟ ቢጠፋም ስለምትታወቅ፣ በጣም ትንንሽ ቁጥሮች ተጠቃለው ይቅረቡ።

መረጃ ከጠፋ ወይም ከሾለከ፣ ለምሳሌ የሬጅስትራሩ ላፕቶፕ ከተሰረቀ፣ ሰዓቱ መቆጠር ይጀምራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የሚደረገውን ማስታወቂያ በ72 ሰዓት ይለካዋል። በዚያን ሰዓት ማን ምን እንደሚያደርግ ለመነጋገር ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በባለቤቶቹ መሳቢያ ይኑር፦ የይለፍ ቃሎችን የሚዘጋው፣ የጠፋውን ዝርዝር የሚያወጣው፣ ለባለሥልጣኑ የሚጽፈውና ለተማሪዎቹ የሚነግረው ኃላፊ በየሥራ መደቡ የተጻፈበት። ሠራተኛው ጥፋቱን ወዲያው ስለተናገረ ብቻ የማይቀጣበት ደንብም አብሮ ይጽደቅ፤ የሚፈራ ሠራተኛ ሦስቱን ቀን ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል።

ሬጅስትራሩ፣ ሰው ሀብቱና አይሲቲው አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሆኑበት አነስተኛ የግል ኮሌጅ ይህ ሁሉ ከባድ ይመስላል፤ እዚያ ኮሚቴው የአካዳሚክ ኮሚሽኑ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ሰነዱም ከአምስት ገጽ ላይበልጥ ይችላል። የማይቀነሰው የሚያስገባውና የሚያጸድቀው ሰው መለየታቸው፣ ከኮሌጁ ግቢ ውጭ የሚቀመጥ አንድ የታሸገ ቅጂና ኮሌጁ ቢዘጋ የተመራቂዎቹ መዝገብ ለማን እንደሚተላለፍ የሚገልጸው ደብዳቤ ነው። በመስከረም ለመጀመር የሚያስብ ተቋም ጉብኝቱን በክረምት፣ ተማሪው በሌለበት፣ ይጨርስ፤ የምዝገባውን ቅጽ ከኅትመት በፊት ያርም፤ በጥቅምት የመጀመሪያውን ቆጠራ በአዲሱ ትርጓሜ ይዝጋ፤ የቆዩ መዛግብትን ማጽዳት ግን በዚያ ዓመት አይጀምር፣ አዲስ ገቢዎቹን በትክክል መመዝገብ ብቻውን ሠራተኛውን ዓመቱን ሙሉ ይይዘዋልና።